የኢፍቱን ብየዳ ለእኔ ለሰጡት ለአቶ ኦሊቃ

ለተከበሩ አቶ ኦሊቃ
የብረታ ብረት ፋብሪካው የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት፣ አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ ይህ አፍ የሚያደርቅ የአዳማ ንፋስ ሳይነካችሁ፣ አቧራውም የቢሮዎን መጋረጃ አልፎ ሳይገባ፣ በሙሉ ጤንነት እንድትሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። ይልቁንም ለዓይንዎ ጤና አጥብቄ እጸልያለሁ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይረዱታል።

ምናልባት ከዘነጉኝ፣ እኔ በቅርቡ በጀማሪ በያጅነት የቀጠሩኝና «እንደዚህ ያለ እጅ ከየት ተገኘ?» ብለው ትከሻዬን መታ መታ ያደረጉኝ ኑዕማን አብዱልሃኪም ነኝ። ጉዳዩን በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት፣ በግል ቀርቤ የነገርኩዎትን በግል ስለዘጉት ብቻ ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ እዚያ ሥራቸውን የሚያከብሩ በያጆች ስላሉ በእርስዎና በእኔ ጥፋት እንዲታሙ አልፈልግም። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። «በጠዋት ተገኙ» ብለው ጠርተውን፣ ጥላ በሌለው በር ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትቆም ማቆምዎ፣ በያጅ ሙቀትን ይልመድ ብለው ያሰቡበት ቅድመ ፈተና መሆኑን ዘግይቼም ቢሆን ተረድቻለሁ። ከጎኔ የቆመችው ኢፍቱ ጋሮምሳ ግን ያን ጊዜም አልገባትም ነበር፤ ሻርፗን ግንባሯ ላይ ጎትታ «ያ ኑዕማን፣ ረስተውን ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

ኢፍቱ ለእርስዎ «ሁለተኛዋ አመልካች» ናት። ለእኔ ግን ከቴክኒክና ሙያ ጀምሮ አብራኝ የተማረች፣ ከሁሩታ መጥታ እዚህ አክስቷ ዘንድ የተቀመጠች ጓደኛዬ ናት። ከተመረቅን በኋላ አጎቴ ኑሬ፣ ገንደ ጋራ ካለው የበርና መስኮት መሥሪያው ውስጥ፣ ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ በማሽኑ እንድንለማመድ ይፈቅድልን ነበር። መብራት ካልጠፋ፣ ቁርጥራጭ ብረትም ካልጠፋ፣ ለእርስዎ ቃለ መጠይቅ የተዘጋጀነው እንደዚያ ነው። ውላችን ቀላል ነበር፤ እሷ እጄን ታስተምረኛለች፣ እኔ ምላሷን አስተምራታለሁ። አማርኛ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ስትደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድማትና አማርኛውን ፍለጋ ዝም ትላለች። ስለዚህ እኔ በባዶ ቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጬ፣ እርስዎን ሆኜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ እጠይቃታለሁ።

«እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን።»

«ኢፍቱ እባላለሁ። ብረት ከብረት አጋጥማለሁ።»

«እንደዚያ አይባልም። ‹በሙያው ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ› በይ።»

«ፍላጎትማ በር ላይ የሚሰለፈው ሁሉ አለው። እኔ የምችለውን ልንገራቸው እንጂ!»

ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ከኋላዬ ትቆምና ክርኔን ትይዛለች። እጄ ይሮጣል፤ ከመፍራቴ የተነሳ ብረቱ በደንብ ሳይቀልጥ አልፈዋለሁ፤ ከላይ የተያያዘ ይመስላል፣ ብየዳው ላይ የጋገረውን ቅርፊት መትቼ ሳራግፈው ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። «ማን እያባረረህ ነው?» ትለኛለች። «ሁለቱ እስኪገናኙ ቆያቸው። ሲገናኙ ታየዋለህ።» እሷ ታየዋለች። እኔ አንዳንዴ አየዋለሁ፣ አንዳንዴ ያየሁ እመስላለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥያቄዎችዎ ጥልቀት አመሰግናለሁ። ለእኔ ያቀረቡልኝ የየትኛው ቡድን ደጋፊ እንደሆንኩ ነበር፤ ስመልስልዎ ተደስተው ሻይ አዘዙልኝ። ለኢፍቱ ያቀረቡላት፣ እሷው ወጥታ እንደነገረችኝ፣ «ባል ስታገቢ ሥራውን ለማን ትተሽው ትሄጃለሽ?» የሚል ነበር። በቀለም ጣሳው ላይ ተቀምጬ ይህን ጥያቄ አለማንሳቴ የእኔ ድክመት ነው፤ የብየዳ ፈተና መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ለአፍታም አልደነገጠችም። «ለባሌ አልተውለትም፤ እሱ መበየድ አይችልም» ብላ መለሰች። ሦስታችሁም ፈታኞች ሳቃችሁ አሉ። ሳቅ ነጥብ ቢኖረው ኖሮ እስካሁን ፎርማን ትሆን ነበር።

ሦስተኛው ግን በምስጋና ብቻ የሚታለፍ አይደለምና እንደ ሆነው ልተርከው።

የተግባር ፈተናው ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ክፍሎች ተሰጠን። ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ቁራጭ ብረት ቀረበልን፤ አጋጥመን እንድንበይድ ታዘዝን። እኔ እንደ ልማዴ ሮጥኩ። ከግድግዳው ወዲያ የእሷ ማሽን ድምፅ ሳይቆራረጥ፣ እንደ ዝናብ ሲያንሿሽሽ ይሰማኝ ነበር፤ የእኔ ይንጣጣል። ስንጨርስ አንድ የፋብሪካው ሠራተኛ የሁለታችንንም ሥራ በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ አቀዘቀዘና፣ ምንም ምልክት ሳያደርግበት፣ ወስዶ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ቀድሜ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ኢፍቱ በር ላይ ቀረች።

እርስዎ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው አንዱን አነሡ። ብየዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ተደርድሮ የተጋደመ ነበር፤ ስፌት ይመስላል። ያን እጅ አውቀዋለሁ። በስንት የምሳ ሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ቀንቼበታለሁ።

«ይሄ ያንተ ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

ዓይንዎ ያየው ብረቱን ሳይሆን ሱሪዬን ነበር። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። «አንገቴ ሳላዝዘው ተነቀነቀ» ብዬ ለብዙ ቀን ራሴን አባብያለሁ፤ ውሸት ነው። ብረቱን አይቼ፣ እሷን አስቤ፣ እናቴንም አስቤ፣ አውቄ ነው የነቀነቅኩት። እርስዎም ሌላኛውን አንሥተው ቀዳዳዎቹን በእርሳስ እየነካኩ «ምስኪን፣ ሴት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ» አሉ። ያዘኑለት ሥራ የእኔ ነበር፤ ስላዘኑልኝም አመሰግናለሁ።

ለእኔ ተደውሎ እንኳን ደስ ያለህ ተባልኩ። ለእሷም ተደውሎ ብየዳዋ ቀዳዳ የበዛበት መሆኑ ተነገራት። ቤት ድረስ መጥታ እናቴን ሳማ፣ እኔን አቅፋ፣ ከልቧ እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ። እናቴ ኡሙሰልማ ጎረቤት ሰብስባ ዱዓ ስታስደርግ፣ ኢፍቱ ሳህን ታቀባብል ነበር።

በነጋታው በምሳ ሰዓት አጎቴ ዘንድ ብሄድ፣ ጭምብሏን አጥልቃ ትበይዳለች። አንዱን ጨርሳ ቅርፊቱን ታራግፋለች፣ ወደ ብርሃን ይዛ ታገላብጠዋለች፣ ቀዳዳ ትፈልጋለች። የለም። ሌላ ትጀምራለች። ሥራ ገብቼም በምሳ ሰዓት እየመጣሁ አያታለሁ፤ ያላጠፋችውን ጥፋት በገዛ እጇ ላይ ትፈልጋለች። ቀስ በቀስ እጇ መጠራጠር ጀመረ። የማይሮጠው እጅ ቆም ማለት፣ እንደገና መጀመር አመጣ። አንድ ቀን በእርግጥም ቀዳዳ አወጣች። «አየኸው?» አለችኝ፤ የፈለገችውን እንዳገኘ ሰው ሆና። «እውነታቸውን ነው። አንተ እንዴት አድርገህ እንደሠራኸው አሳየኝ።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ያነሣሁት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ማሽኑን አቀበለችኝ፤ እንዳስተምራትም ጠበቀች። እኔም ያኔ ነገርኳት።

ጭምብሏን አውልቃ አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ቃሏ «እንግዲያ እጄ ደህና ነው ማለት ነው?» የሚል ሆነ። «ደህና ነው» አልኳት። «ከሁላችንም ይሻላል።» ጓንቷን አውልቃ ማሽኑ ላይ አኖረችና ወጣች። ተከትያት ብወጣ፣ ዞራ ሳታየኝ፣ «ሳህን ሳቀባብል ዝም ብለህ አየኸኝ» ብላ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

አራተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ምክርዎ ነው። በማግስቱ ቢሮዎ ቀርቤ እውነቱን ስነግርዎ፣ በሩን እንድዘጋ አዘዙኝ፤ ወንበርም ሰጡኝ። «ልጄ፣ ፋይሉ ተዘግቷል» አሉኝ። «ዕድልህን አትግፋ። ብየዳውን እየሠራህ ትለምደዋለህ፤ እሷ ደግሞ ነገ ታገባለች።» ስህተትን ሲያርሙ ከመታየት ስህተቱን ደመወዝ እየከፈሉ ማኖር እንደሚሻል የተማርኩት ከእርስዎ ነው፤ ኮሌጅ አላስተማረንም። እውነቱን ለመናገር ምክርዎ ለአንድ ምሽት ጣፍጦኝ ነበር፤ ይህንንም በሀፍረት እጽፋለሁ። በማግስቱ የሥራ ልብሴን አጥፌ ለፎርማኑ አስረከብኩ።

አጎቴ ኑሬ ነገሩን ከእኔው አፍ ሲሰማ፣ በመሥሪያው ለእኔ ያሰበውን ቦታ ለኢፍቱ ሰጣት። አሁን የበር ሥራ ላይ ናት፤ እጇም ተመልሶላታል። እኔን በሰላምታ ታልፈኛለች፤ ከሰላምታው የሚዘል ቃል ግን የለንም። ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ፈቃዷን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሥራዋን ሳታቆም፣ «ይቅርታ እንዳደረግኩልህ አድርገህ እንዳትጽፈው» አለችኝ። አልጻፍኩም።

ስለዚህ ለራሴ የምጠይቀው የለኝም። እርስዎን ግን በትሕትና የምለምንዎ፣ ኢፍቱ ጋሮምሳን ጠርተው ዳግም እንዲፈትኗት፣ ደውለው ያሏትንም ራስዎ ደውለው እንዲያነሡላት ነው። ትመጣለች ብዬ ቃል አልገባም። እርስዎን ለመፈተን ጊዜ ካላት እሷ ታውቃለች።

የማይገባኝን ሥራ በሰጡኝ እጅዎ ይህን ደብዳቤም እንዲቀበሉልኝ በመለመን፣ ከታላቅ አክብሮትና አክብሮቱን ከሚበልጥ እፍረት ጋር፣

ባልሠራው ብየዳ የተሞገሰው
ኑዕማን አብዱልሃኪም
ከአዳማ

ማስታወሻ፦ ወደ ቢሮዎ የሚያወጣውን የብረት ደረጃ የእጅ መደገፊያ በዚያች በአጭሯ የሥራ ዘመኔ የበየድኩት እኔ ነኝ። ለፎርማኑ እንዲያስፈትሸው ነግሬው፣ «አቶ ኦሊቃ ራሳቸው አይተው ወደውታል» ብሎ አሰናብቶኛል። እስኪፈተሽ ድረስ፣ ክቡር ሆይ፣ ሲወጡም ሲወርዱም ግድግዳውን ይያዙ።