ጉሮሮዋ ያበጠባት ዓሣ

ሞያሌ፣ ኬንያ
የካቲት 1999 ዓ.ም.

ጉልበትሽን ስሜ ለማልጠግብሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የላክሁልሽን ቅባት ተቀባሽው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አደልሽው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዲባም ሰላም ይልሻል። አንቺ የባሌን ስም ባታነሺም እሱ ያንቺን ሳያነሳ አይውልም።

ሂካ በመኪናው ከዲላ ጭነት ይዞ ሲመጣ መልእክትሽን ነገረኝ። «ይብቃት፣ ትመለስ፣ ልጅ ካላስታቀፋት ባል ጋር ዓሣ ከምታረባ አገሯ ገብታ ትረፍ» ብለሻል አሉ። እማዬ፣ አንጀቴን ነው ያሳረርሽው። ሁለት ጊዜ የምሥራች ብዬሽ፣ ሁለቴም ባዶ እጄን ስቀር አብሮኝ ያለቀሰው ዲባ ነው። አንቺ እስከ ዛሬ የዚህን ቤት ደጃፍ አልረገጥሽም። ስለዚህ አልመለስም። ከፈለግሽ ተቆጪ።

ስለ ዓሣዎቹም ሂካ በደንብ የነገረሽ አይመስለኝም። የሚበሉ እኮ አይደሉም! ዲባ ለሥራ ናይሮቢ ወርዶ ሳለ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ ከመስታወት ገንዳው አውጥቶ በላስቲክ ሰጠው። ቢጫና ሰማያዊ ናቸው፣ ከጣት አይበልጡም፣ ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ ነው። ዲባ ፈንዲ፣ ግንበኛ አይደል፣ ጓሮውን ቆፍሮ በሲሚንቶ ለስኖ ኩሬ ሠራላቸው። ናይሮቢ ለብርዱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይፈልጉ ነበር፤ እዚህ ፀሐዩ ይበቃቸዋል። ሻያችንን የሚያበላሸው ጨዋማ የጉድጓድ ውሃም ለእነሱ ጠበል ሆነላቸው። ውሃ አባከኑ እንዳትይ፣ አሮጌውን ውሃ እዚህ ሱኩማ የሚሉት ጎመን ይጠጣዋል፤ ጎመኑን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይበላዋል።

ታዲያ በጥር አንዷ ቢጫ መብል ተወች። ጉሮሮዋ አብጦ፣ አፏን ገጥማ፣ ድንጋይ ሥር ተወሽቃ ትውላለች። ጎረቤቴ ሻምሳ አየቻትና «እንጥሏ ወርዷል» አለች። የዓሣ እንጥል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ዲባ ደግሞ ሌሎቹን ሳትበክል እንጣላት አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የምትጠብቀው ነገር ያላት ትመስለኝ ነበር። በሳፋ ለብቻዋ አደረግኋት። ፍርፋሪ ብጥልላት ዞር ብላም አታየውም።

አንድ ቀን ከሻምሳ ጋር ልብስ ስናሰጣ ወደ ሳፋው ዞር ብል፣ አፏን ከፈት አድርጋ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ልጆች ትለቃለች። ሻምሳ ልታይ ስታጎነብስ ጥላዋ አረፈባቸው። ዓሣዋ ደንግጣ ሁሉንም መልሳ ወደ አፏ ከተተቻቸው። «በላቻቸው! የገዛ ልጆቿን!» ብላ ሻምሳ ጮኸች። እኔ ወገቤን ይዤ ቀረሁ። ራቅ ብለን ቆም ስንል ግን እንደገና ለቀቀቻቸው፤ ሲርመሰመሱ ብታዪ! ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ምግብ ጠልታ አልነበረም፣ አፏ በልጆቿ ሞልቶባት ነው።

መሬት ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ። ሻምሳ ሳፋውን ትታ እኔን ታየኝ ጀመር። ከላይ እስከ ታች አየችኝና የልብሱን ባልዲ ከእጄ ተቀበለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ውሃ ልቅዳ ብል በፍጹም አታስነካኝም።

ከዚህ በላይ አልጽፍም። ይህን የሚያነብልሽ ወንድሜ ገለታ ነው፤ የሰማውን ደግሞ የዲላ ገበያ ሳይሰማው አያድርም። ባለፉት ጊዜያት ቸኩዬ አውርቼ ምን እንዳተረፍኩም አንቺ ታውቂያለሽ።

ፋሲካን ውለሽ ከሂካ ጋር ነይልኝ። ጋቢናውን ይለቅልሻል፣ ነግሬዋለሁ። ስትመጪ የቡሌ ገብስ አስፈጭተሽ፣ ለጋ ቅቤም ይዘሽ ነይ። እዚህ ሁሉም የሚያውቀው የበቆሎ ገንፎ ነው፤ እኔ ደግሞ ያኔ ተነስቼ ምድጃ አጠገብ የምቆም አይመስለኝም።

ገለታ፣ ገብሱ ለማን ነው ብለህ እንዳትጨቀጭቃት። ለዓሣዎቹ ነው።

እማዬ፣ መንገዱን ያቅናልሽ፤ ዓይንሽን በዓይኔ ለማየት ያብቃኝ።

አፏን ገጥማ የምትጠብቅሽ
ልጅሽ