ሲመሽ ትከሻዬን የምትይዘው ለዚህ ነበር

ይድረስ ለአባ ለሊሴ፣ ለኔው ጉድ፤

በሞት ከተለየኸኝ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። ቤቱ ደህና ነው፤ የጓሮው ቡና ተጎንድሎ እንደገና አቆጥቁጧል። እኔም እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ወሬዬም ሳቄም አልቀነሰም። ዛሬ ግን ተቀይሜህ ነው የምጽፍልህ።

ከጎሬ በመጨረሻው ሚኒባስ መጥተን መቱ መናኸሪያ ስንወርድ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ እጅህን ትከሻዬ ላይ ጣል ታደርግ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከበራፋቸው ሆነው «ሙሽሮቹ መጡ! ኧረ ልጅ አድርሳችኋል፣ እፈሩ!» ይሉን ነበር። እኔማ አንገቴን ቀና አድርጌ! ባሏ መንገድ ላይ የሚይዛት ሴት በሰፈሩ ከኔ ሌላ የት አለች?

ለካ አይታይህም ነበር። ፍቅር ነው ብዬ ስኮራ ለካ ዱላህ ኖሬያለሁ።

ያወቅሁት በለሊሴ ነው። ልጃችን ሲመሽ በሩን እያጣችው ስትቸገር ጅማ ወስጄ አስመረመርኳት። ሐኪሟ «በቤተሰብ ዳፍንት ያለበት ሰው ነበር?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ አፌን ሞልቼ «ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። በኋላ ምስጢሩን ያፈረጠችው ዳሪሙ ያለችው እህትህ ናት፤ አባታችሁም በዱላ እየተመሩ እንደሞቱ፣ አንተም እንዳለብህ ከጉርምስናህ ጀምሮ እንደምታውቅ፣ እንዳትነግረኝም እንዳስማልካት። ያን ሁሉ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ እኔን? ልጅህን እንኳ በጊዜ ለሐኪም ባሳየኋት!

ብርሃን የሚቀበለው የዓይኗ የኋላ ስስ ሽፋን እየሞተ ነው አለችን ሐኪሟ። ደግሞ ደስ የሚል ነገር ነገረችን፦ በውጭ አገር፣ ስቴም ሴል ከሚባል ገና ምን እንደሚሆን ካልለየለት ሕዋስ፣ የዚያን ሽፋን ሕዋሳት በላብራቶሪ አሳድገው ዓይን ውስጥ ይተክላሉ አሉ። አንተ የቡና ችግኝ በዳስ ጥላ ሥር እንደምታፈላው በለው! ገና ሙከራ ነው፣ እኛ ጋ አልደረሰም፣ ተስፋችሁን ሁሉ እዚያ ላይ አትጣሉ ብላናለች። እኔ ግን ግቢው ውስጥ እልል አልኩ፤ ለሊሴ በሀፍረት ልትሞት።

አየህ፣ እሷ አንተን አልወጣችም። ሲጨልም «እማዬ፣ አልታየኝም፤ ትከሻሽን» ትለኛለች፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማ። ያንኑ አንተ የለመድከውን ትከሻ ትይዛለች። በያዘችው ቁጥር አስታውስሃለሁ፤ አፈር እስክለብስ አልረሳህም። ግን አባ ለሊሴ፣ እሷ የጠየቀችኝን አንተ ብትጠይቀኝ ኖሮ እከለክልህ ነበር?