ምልክቱን ያጠበው ገንዳ

ሰኞ፣ ጥር 18

ኧረ የደም ሽታ! እጄን ሦስት ጊዜ በሎሚ አሸሁት፣ አለቀቀኝም። ሐይቅ ከተማ ተወልጄ ዓሣ ሲበለት እንኳ ማየት የማልችለውን እኔን፣ መምህሬ የመመረቂያ ሥራሽ ትኩስ ሥጋ ነው አሉኝ። እኔ ጤፍ የማጠና መስሎኝ ነበር።

ሙከራው ይሄ ነው፦ ሥጋው በላስቲክ ታሽጎ፣ ከዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ተውሼ ያመጣሁት፣ ውሃ ያለበት የብረት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ገንዳው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይለቅበታል። አልትራሳውንድ። ድምፁ ሥጋ የሚያበላሹትን ተህዋስያን ይቀንሳል ይባላል። እዚህ መብራት በሄደ ቁጥር አጎቴ ሰይድ ከሥጋ ቤቱ ሥጋ ይጥላል፤ ስለዚህ ከእኔ ይልቅ የጓጓው እሱ ነው።

ሥራው ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ይሁን ስለተባልኩ፣ አራት ላስቲክ ከአጎቴ፣ አራት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ከጋሽ ጌታቸው ሥጋ ቤት ወሰድኩ። በአጎቴ ላይ ጨረቃ፣ በጋሽ ጌታቸው ላይ መስቀል በማርከር ሣልኩ። ሁለቱም የሌላውን ሥጋ "እኔ ፍሪጅ አይገባም" ስላሉ፣ አጎቴ ግቢ ያለችው ክፍሌ ውስጥ ባለው ትንሹ ፍሪጅ አደረግኩት። ጋሽ ጌታቸው ገንዳውን አይተው፣ "ሰይድ፣ አልትራሳውንድ ከሆነ ሥጋህ ወንድ ይሁን ሴት ይንገረን!" አሉ።

የመጨረሻው ዙር እንዳለቀ መብራት ሄደ። ፍሪጁ ቅዝቃዜውን ሳይጨርስ ላስቲኮቹን ቶሎ ቶሎ ደረደርኩ። ጨረቃው በግራ፣ መስቀሉ በቀኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ለማነጻጸሪያ ብዬ ገንዳ ያላስገባሁትንና መደርደሪያ ላይ የዋለውን ሥጋ አሸተትኩ። ማሽተትና መጻፍ፣ ሥራዬ ይኸው ሆነ።

ሽታ፦ የኮመጠጠ፣ ጉሮሮ የሚይዝ።
መልክ፦ አመድማ፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ።
ሲነካ፦ ዝልግልግ። ጣቴ ላይ ተጣበቀ።
ምሳዬ፦ የለም። አቅለሸለሸኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

አጎቴ ሳያማክረኝ አርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች ጠርቷል። ገንዳ የገባውን ሥጋ አይተው ይቀምሱለታል፤ እነሱ ሸጋ ካሉት ከተማው ሁሉ ያምናል። "ሰው ፊት እንዳላፍር ቀድሜ እኔ ልቅመሰው" አለኝ። ከግራው ረድፍ አውጥቼ በእጄ ሰጠሁት።

ጠብሶ በላ። "ማሻአላህ! ለስልሷል እኮ!" ትንሽ ብረት ብረት ይላል አለ እንጂ አልሸተተም። በጣም ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ጉዴ ፈላ።

ላስቲኮቹን ልከፍት ጤዛቸውን ስጠርግ ጨረቃ የለም፣ መስቀልም የለም። ሰባቱም ባዶ። ገንዳው ቀለሙን አጥቦታል። ላቦራቶሪ ውስጥ ቆሻሻ ብርጭቆ የማጥብበት እሱው አይደል? ምን ነካኝ! ሰኞ ዕለትም ጨረቃው በግራ ነው ያልኩት በግምት ነው፤ ላስቲኮቹን አንድ በአንድ አላየሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የምለቅመውም የለኝ።

ታዲያ አጎቴ የበላው የማንን ነው? ራሱ ቢስሚላህ ብሎ ካላረደው በቀር ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ሰው!

ወደ ጋሽ ጌታቸው ሮጥኩ፤ ሥጋቸውን ይለዩት እንደሆነ። እያገላበጡ አዩት። "ተከትፎ ከታሸገ ማን ይለየዋል? ለእኔም አይሆን፣ ለሰይድም አይሆን፣ ውሻ ይብላው። እሱ ግን ከአንቺ አፍ ይስማ፤ ዛሬውኑ" አሉኝ።

አልነገርኩትም። ምሳ አብረን በላን። ስለ አርብ እያወራ ይስቃል። እጄ ከእጁ ጋር አንድ ትሪ ላይ ሲገናኝ ራሴን ተጸየፍኩት።

አርብ፣ ጥር 22

ጠዋት ቢላ ሲስል ነገርኩት። ቢላውን አስቀመጠ። ቧንቧው ጋ ሄዶ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ደግሞ ተጉመጠመጠ።

"ሳላውቅ ነው የበላሁት፣ አላህ ይምራል። አንቺ መቼ አወቅሽ?"

"ትናንት ጠዋት።"

"ትናንት ምሳ አብረን በላን እኮ።" ቢላውን አንስቶ መሳሉን ቀጠለ። ምነው በተቆጣኝ!

ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን፣ "የምትቀምሱት የለም። እኔ የቀመስኩትም የማን እርድ እንደሆነ አላውቅም" አላቸው። አንዱ ሽማግሌ "ታዲያ ከእንግዲህ ከማን ቤት እንግዛ?" ብለው ሳይሰናበቱ ወጡ። የቀሩት ዱዓ አደረጉለት። አንገቱን ደፍቶ አሚን ሲል በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ሰባቱን ላስቲክ ቀዳድጄ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። ትኩሳት ያለበት ሰው ትንፋሽ ይመስላል ሽታው። አስመለሰኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ወትሮ ቅዳሜ አጎቴ በር ላይ ሰልፍ ነው። ዛሬ እስከ ረፋድ ሁለት ሰው ብቻ። ጋሽ ጌታቸው የራሳቸውን ሥጋ ቤት ለሚስታቸው ትተው መጡና አጎቴ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያያቸው ቦታ ተቀመጡ። "ሰይድ ስላልዋሸ ትሸሹታላችሁ?" ይላሉ ላለፈ ላገደመው። እኩለ ቀን ላይ ጥቂት ሰው መጣ።

ምሳ ይዤለት ሄድኩ። ክዳኑን ሳይከፍት "ምንድን ነው?" አለኝ።

"ሽሮ።"

ከፈተና በላ። ጨርሶ እጁን ሲታጠብ፣ "ከእንግዲህ ገንዳው ሁለት ይሁን፣ አንዱ ለጌታቸው። ምልክቱንም በክር እሰሪው" አለ።

እሺ አልኩ፤ ትንሽ ተነፈስኩ። ሥጋ ግን ዳግመኛ ከእኔ እጅ ይቀበል እንደሆን አላውቅም።