ምች ነው ያሉት ሽፍታ

ጥር 9፣ ከት/ቤት መልስ

ዛሬም ሒሳብ ላይ ጠፋሁ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሲጽፍ እህቴ ሰላም ክንዷን ስታክክ የሰማሁ መሰለኝ። ዞሬ አየሁ። ከሞተች ወዲህ ጆሮዬን አላምነውም።

ደጅ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ስል እማ ከውስጥ ጮኸች፤ ከፀሐይ ተነስ! ሁሌ እንዲህ ናት። ሰላም ለካንሰሯ ኬሞ ወስዳ ከተመለሰች በኋላ ገላዋን አጥባ ፀሐይ ላይ ያስቀመጠቻት እማ ናት። ከዚያ ሽፍታው ወጣ። ምች ነው ተባለ። እማ ዳማከሴ እያሸች ቀባቻት። አፏ ቆስሎ፣ ቆዳዋ መላጥ ሲጀምር ሆስፒታል ወሰድናት። አልተረፈችም። እማ፣ ልጄን ለፀሐይ የሰጠኋት እኔ ነኝ ትላለች።

ጥር 12

የተረፈውን መድኃኒቷን ሆስፒታል መለስኩ። ከቀራንዮ ታክሲ። ረዳቱ ትርፍ ሰው እየጫነ «ተቃቀፉ፣ ብርድ ነው» ይላል። ሳቅሁ። ወዲያው አፈርኩ።

ነርሷ አስታወሰችኝ። የፀሐዩን ነገር ነገርኳት። ፀሐይ አይደለም፣ ከኬሞው ነው አለች። አንዳንዱ ሲሰጠው ምንም አይሆንም፤ ቤቱ ገብቶ ሰንብቶ ነው ሰውነቱ የሚቆጣው። ደስ ሊለኝ ነበር። ቀጥላ ጠየቀችኝ፤ ሽፍታው እንደጀመረ ለምን አላመጣችኋትም?

ደብተሬ፣ ይህን ለእማ እንዴት ልንገራት? ከፀሐዩ ጥፋት ባወጣት፣ ዳማከሴ ስትቀባ መዘግየቷ ያቃጥላታል።

ጥር 13

አልነገርኳትም። ምን ሆነሃል አለችኝ። ምንም።

የሰላም ትራስ አሁንም ዳማከሴ ይሸታል። ማን ደፍሮ ያጥበዋል።

ጥር 15፣ ከሰዓት በኋላ

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ትንሹን ልጇን ባቢን ታቅፋ መጣች። ጤና ጣቢያ ለጉሮሮው የሰጡትን መድኃኒት ከጀመረ ሰንብቷል። ዛሬ ሆዱም ጀርባውም ቀይ ሽፍታ። «ምች መታብኝ! ዳማከሴ ስጪኝ፣ ልጄን ጨረሰው» ትላለች። እማ ጓሮ ገብታ መቅጠፍ ጀመረች።

አላስቻለኝም። ለእማ ሁሉንም ነገርኳት። ነርሷ የጠየቀችኝንም ጭምር። የባቢም ሽፍታ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል አልኳት።

እትዬ ዘነበች ተቆጣች። «አንተ ልጅ፣ የእናትህን ቁስል አትነካካ!» እማ ከጓሮ ወጣች። ቅጠሉ እጇ ላይ ነው። ሰላምን ቶሎ ብንወስዳት ትተርፍ ነበር? አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው።

ቅጠሉን ጣለች። ባቢን ከእናቱ ተቀብላ አዘለችው። ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣች። እትዬ ዘነበች እየተራገመች ከኋላ ከኋላዋ።

እስካሁን አልተመለሱም።