ሰባተኛው የፊልም ጥቅል

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 21። የዛሬ ጠዋት ቆጠራ፦ የፊልም ማሳያ መሣሪያ አንድ፣ ድምፅ ማጉያ አራት፣ ጄኔሬተር አንድ፣ ሸራ አንድ ከነገመዱ፣ ከአድባሩ የተመለሰ የፊልም ጥቅል ሰባት። ከቤት የወጣው ስድስት ነበር።

ለወንድሜ ለጋሼ ዊሮት፦

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? ባለፈው ልጅህ ካምፖን ሲደውል አባባ ደረጃ ሲወጣ ያቃስታል ብሎኝ ነበርና ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ሆኖብኛል። እትዬ ሱዋንኒስ ስኳሯን ትለካለች ወይስ እንደ ድሮው ሐኪሙን ትቆጣለች? እናንተ ዘንድ በዚህ ወር ዝናቡ ፋታ ስለማይሰጥ የጎማ ዛፉን ወተት ማለብ ትታችሁ ቤት እንደተቀመጣችሁ እገምታለሁ። ለእኔ ደግ ሆነልኝ፤ ሥራ አለብኝ ብለህ አታመካኝም። እኔ ደህና ነኝ። የሚያስቸግረኝ ጥርስ ተነቅሏል፤ መኪናዋም አዲስ ጎማ ገብቶላታል።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ አልፈለግሁም። አንተና እኔ በስልክ ስናወራ ገና ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዳችን እንዘጋዋለን። ደብዳቤ ግን ብትጥለውም መልሰህ ታነሣዋለህ። የሐት ያይ አውቶቡስ ሾፌር እጅህ ላይ ያደርስልኛል። አብሮ የታጠፈውን ትንሹን ፖስታ ግን ይህን ጨርሰህ ሳታነብ እንዳትከፍተው።

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ኦራፒን የምትባል ነርስ ፊልም ማከራያ ሱቄ መጣች። ስለቱን አድባሩ ፊት ፊልም በማሳየት የሚከፍል ሰው እኛ ዘንድ ሲመጣ ምን እንደሚል ታውቃለህ፦ ርካሽ ይሁን፣ የሚያስቅ ይሁን፣ አድባሩ ደስ ይበለው ይላል። ይቺ ግን ዘጠኝ ምሽት ሙሉ አንድ ፊልም ብቻ አለች፤ እሱም «የጨው መኪና»። ዋጋ ነገርኳት፣ አልተከራከረችኝም። እኔ ደግሞ ደንበኛ ካልተከራከረኝ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ የምይዝ ሰው ነኝ። ቀጥላ ጥቅሎቹን ልይ አለች። ስድስቱን ጣሳ ደርድሬ ሳሳያት «ስድስት ብቻ ናቸው?» ብላ አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው። ሌባ ከመስረቁ በፊት ይቆጥራል አልኩ በልቤ።

ስለቱ ለማን እንደሆነ ስጠይቃት ለእማማ ራትሪ ነው አለችኝ፤ ፊልሙን ለሠራችው። ጣሳው ላይ የተጻፈው ያኔ የምትሠራበት የወንድ ስም ነውና እኔም በዚያው ጠራኋት። ኦራፒን ሳትቆጣ «እትዬ፣ ያ ስም የጣሳው ነው፤ የእሷ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አፈርኩ። ካቶይ፣ ወንድ ተብላ ተወልዳ በሴትነት የምትኖር፣ መሆኗን አገር ያውቃል፤ በሴትነቷ በይፋ መኖር ከጀመረች እንኳ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏል። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ከመኪና ጣሪያ ላይ ስታዘልል የኖረችው ሴት ባለፈው ግንቦት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራትታ ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ልቧ ቀዶ ጥገናውን አይችለውም ብለው ነበር። የፊልሟ ወዳጆች ተሰብስበው አድባሩ ፊት ተንበረከኩና ካተረፍክልን ፊልሟን ዘጠኝ ምሽት፣ ዘጠነኛው ላይ ሙሉውን፣ እናሳይሃለን ብለው ተሳሉ። ተረፈች። «ሙሉውን» የምትለውን ቃል ያን ጊዜ ልብ አላልኳትም።

ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ሰው ከባንኮክ ደውሎ ይህንኑ ፊልም ሽጪልኝ ሲለኝ ስለነበር ነገሩ አልጣመኝም። ከእኛው በቀር ሌላ ቅጂ የለም፤ ያሉት ሁሉ ሻግተው ተጥለዋል። እናም ከየጣሳው ክዳን ሥር በጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁ። ለአጎት ቻሊያው ማሳያውን ትቶ ለሽንት እንኳ እንዳይሄድ፣ ከሄደም እኔን ጠርቶ እንዲሄድ ነገርኩት። «ላምዱዋን፣ አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽን ደረሰኝ ትጠይቂያለሽ» አለኝ። ይበል።

ሰኞ ጀመርን። የፊት ወንበሮች እንደ ደንቡ ለአድባሩ ባዶ ተተዉ፤ ቀይ ለስላሳ ከነመምጠጫው፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሐብሐብ ተደረደረላቸው። ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን የእኛ የወትሮ ተመልካች አልነበረም። የሞተር ታክሲ ነጂዎች ከነሰደርያቸው መጡ፣ የውበት ሳሎን ካቶዮች መጡ፣ አንድ ጡረተኛ ፖሊስ ከነሚስቱ፣ የቴክኒክ ተማሪዎችም መጡ። ሁሉም ፊልሙን በቃሉ ያውቀዋል። ፊልሙ ድምፅ ስላልተቀዳበት ንግግሩን ሁሉ በማይክሮፎን የሚሰጠው አጎት ቻሊያው ነው፤ አዲሱን ጥርሱን ካስገባ ወዲህ ደግሞ ጀግናዋ ሾፌር የዳክዬ ነጋዴ ትመስላለች። «አጎቴ፣ ልጅቷን ጉንፋን ያዛት እንዴ?» ይሉታል። «ጉንፋን አይደለም፣ አርጅታ ነው! እናንተስ አላረጃችሁም?» ይላቸዋል በዚያው ማይክሮፎን፣ ድብድቡ መሀል።

አንድ ልማድ አላቸው። በፊልሙ ውስጥ ሰው ተመትቶ በወደቀ ቁጥር በተዋናዩ ፋንታ በእውነት የወደቀውን ሰው ስም ይጠራሉ፤ እስኪነሣም ያጨበጭባሉ። መጀመሪያ ስሰማው የሌቦች ምልክት መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ። በሌላ ፊልም ሰው ሲወድቅ ካሜራው ጥሎት ወደ መቺው ይሄዳል። ራትሪ ግን አትሄድም። ወዳቂው እስኪነሣ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ አቧራውን ያራግፋል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ያኔ ነው የምትቀጥለው። አርባ ዓመት ይህን ፊልም ሳከራይ ለምን ሰው እንደሚወደው ጠይቄ አላውቅም ነበር። አንዷ የሳሎን ባለቤት ነገረችኝ፦ «እትዬ፣ እኔን በየመንገዱ ሲጥሉኝ እስክነሣ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም። እዚህ ፊልም ውስጥ ግን ለጎረምሳ ወሮበላ እንኳ ይጠበቃል።» ሐብሐብ ሰጠኋት።

ሁለተኛው ምሽት ላይ ሁለት ጎረምሶች ስልክ ወደ ሸራው ሲያነጣጥሩ ያዝኩ። አንዱን ክንዱን ጨብጬ ምን ትሰርቃለህ አልኩት። ባንኮክ ውስጥ ለፊልም ድብድብ የሚያስተምሩ ናቸው። «እትዬ፣ ይህን እኮ አስተማሪዬ እኔ ሳልወለድ ሰርቆታል። እሱ ከእሷ፣ እኔ ከእሱ፣ አሁን ደግሞ ተማሪዎቼ ከእኔ ይሰርቃሉ። እኔ የመጣሁት ካሜራው ሳይቆረጥ ስንት እርምጃ እንደሚሄድ ከምንጩ ልቆጥር ነው» አለኝ። የቆጠረውን አሳየኝ፤ ስልኩ ላይ ፊልም የለም፣ ሰዓት ብቻ ነው። ቢሆንም ስልኮቹን እስከ መጨረሻው ሰብስቤ ያዝኩ።

መጨረሻውን ታስታውሰዋለህ፤ ጀግናዋ ከሚበረው የጨው መኪና ጣሪያ ላይ ትዘልላለች፣ አየር ላይ እንዳለች ስድስተኛው ጥቅል ያልቃል። አንድ የሞተር ታክሲ ነጂና የሳሎኗ ባለቤት ወርዳለች አልወረደችም እያሉ በአንድ የተጠበሰ ዶሮ ከተወራረዱ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። አንተ ግን በየመንደሩ ማይክሮፎን ይዘህ ምን ትል እንደነበር እኔም አጎት ቻሊያውም አንረሳም፦ «አትስጉ፣ ወርዳለች፤ ተነሥታለች፤ ቀሚሷንም አራግፋለች።» ሰዉ ደግሞ የምን ቀሚስ፣ ሱሪ ለብሳ አይደል እንዴ ብሎ ይስቅብህ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

ትናንት በአምስተኛው ምሽት ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ከመኪናው ጎን መጥታ ውኃ ለመነችኝ። ዘንቢል ይዛለች። ውኃውን ስቀዳ እንኳ ዓይኔን ከእጇ አልነቀልኩም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገመዱ ላልቶ ሸራው ሲንቀጠቀጥ፣ ዘወር አልኩ። ዛሬ ጠዋት ስቆጥር ሰባት ሆኑ። ዕቃ ሲጎድል አውቃለሁ፤ ሲተርፍ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም። የተረፈው በጨርቅ ተጠቅልሏል። መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገርህ፦ የተሰረቀ ዕቃ ቤቴ አኑረው ሊያስከስሱኝ ነው። ከዚያ ጨርቁን ዘረጋሁት። እናታችን የሸመነችው መሐረብ ነው፤ ዳር ላይ የቀይ ክር ምልክት አለበት። አረንጓዴው የእኔ ነበር፣ ቀዩ የአንተ።

ጥቅሉን መስኮት ላይ ይዤ በብርሃን አየሁት። ልጅቷ ትወርዳለች። ስትነሣ ግን ሱሪ ለባሿ ተዋናይ አይደለችም፤ ሌላ ሴት ናት፣ አበባ ያለበት ቀሚስ የለበሰች። ቀሚሷን ታራግፋለች፣ ካሜራውን ታያለች፣ ትስቃለች። ወጣት ናት። ወጣት ትሁን እንጂ የትናንቷ ባለ ባርኔጣ ናት፤ ምርኩዟ ትዝ ሲለኝ ራትሪ መሆኗን አወቅሁ።

ጥቅሉን ይዤ ወደ ኦራፒን ቤት ሄድኩ፤ ራትሪ እዚያ አርፋለች። ያለ ሰላምታ፣ ይህ ከየት መጣ አልኳት። እንቁላል እየላጠች ነበር፣ ቀና ብላ አየችኝና አፍንጫዬ የአንተን እንደሚመስል ነገረችኝ። ከዚያ ነገረችኝ። ተዋናይቷ ስትዘል ከተቀረጸች በኋላ መሬት የምትወርድበትን ፈርታ እምቢ አለች፤ ቦታው ላይ የቀሩት የቅርብ ጓደኞች ብቻ ስለነበሩ ራትሪ ቤቷ ብቻ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ነበር፣ ፀሐዩ ሊጠልቅ ነው፣ ሮጣ ወጥታ ዘለለች። በሱሪ ዘልሎ በቀሚስ የሚወርድ ሰው የት አለ ብሎ የፊልሙ ባለሀብት ተቆጣ፤ ፊቷን ደግሞ አወቀው። ሰባተኛው ጥቅል ከየፊልም አሳዪው መኪና ተሰብስቦ እንዲቃጠል አዘዘ። «አንድ ድምፅ ሰጪ ልጅ ግን ኮራት ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ግድብ ውስጥ ገባ ብዬ ለአባቴ እነግረዋለሁ፣ አንቺ ያዢው፣ ሰው በአደባባይ የሚያይበት ቀን ሲመጣ ትመልሺልኛለሽ አለኝ። አደራ ነው፤ መለስኩ። ልጁ በኋላ እውነቱን ለቤተሰቡ የነገረ መስሎኝ ነበር» አለች።

አልነገርክም። ያን ጥቅል አልመለሳችሁም ተብለን ዓመት ሙሉ አዲስ ፊልም ተከለከልን፤ አባታችን ሁለተኛዋን መኪና ሸጠ። በዚያው ክረምት አንተ በቀይ ሞተር ሳይክል መጣህ። አባታችን ሸጦታል አለ፣ እኔም ሸጦታል አልኩ። እሱ ይህን እንደያዘ ሞተ፤ እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ አንተ ቤቴ በመጣህ ቁጥር ከሄድክ በኋላ ዕቃ እቆጥር ነበር። ይህን እንደማታውቅ አድርጌ አልጽፍልህም። ታውቅ ነበር። ለዚህም ነው ሐት ያይ ድረስ የራቅኸው። በአንተ ላይ የያዝኩት ጥርጣሬ ስሕተት ነበር፤ ይህን በጽሑፍ ሰጥቼሃለሁ፣ ከፈለግህ ለካምፖን አሳየው። ስለ ሞተር ሳይክሉ ግን አሁንም ጥያቄ አለኝ። ስትመጣ ትነግረኛለህ።

ትመጣለህና። ሰባተኛው ጥቅልም እንደ ሌሎቹ ድምፅ የለውም፤ ቃሉ የተጻፈበት ወረቀት ያኔውኑ ጠፍቷል። በዓለም ላይ ያን ክፍል አንድ ጊዜ አንብቦ በድምፅ የተለማመደ ሰው አንተ ብቻ ነህ። አጎት ቻሊያው ልሞክር ሲል ራትሪ እጁን ያዘችና «በአንተ ድምፅ ከምወርድ አየር ላይ ብቀር ይሻለኛል» አለችው። ስለቱ የሚፈጸመው ማክሰኞ በዘጠነኛው ምሽት ነው። ሙሉውን ብለው ተስለዋል፤ ኦራፒንም ጣሳዎቹን ስትቆጥር የነበረው ሰባተኛውን ፍለጋ እንጂ ለሌላ አልነበረም። የጎደለ ስለት ካልተሳሉት እንደሚብስ አንተም ታውቃለህ፤ የራትሪ ልብ ደግሞ ገና አልጠናም። እሷ ራሷ ከፊት ወንበሮቹ ኋላ ትቀመጣለች። ውርርዱም በአንተ አፍ ይፈታል፤ ዶሮው ለማን እንደሚገባ እስከዚያ ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ትንሹን ፖስታ ክፈት። የሰኞ ከሰዓት የአውቶቡስ ቲኬት ነው፣ በመስኮት በኩል፣ እግር መዘርጊያ ያለው። መሐረቡን አጥቤ አስጥቼዋለሁ።

እትዬ ሱዋንኒን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ፤ ለጉልበትህ የምትቀባህን ዘይት ታስይዝህ። ለካምፖን ስለ ስልኩ አመሰግናለሁ በለው። ኑቻናት የላከችው የደረቀ ዓሣ ደርሶኛል፣ ጥሩ ነበር፣ ጨው ግን በዝቶበታል። ትንሹን ቱምን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ፤ አያቱ ወንበዴም ጀግናም ሆኖ ሲናገር ሰምቶ ስለማያውቅ የሚቀጥለው ዕረፍት ላይ ይዘኸው ና። ውሻችሁንም አልረሳሁም።

ነገ፦ ሁለተኛውን ማይክሮፎን ከጥገና ማምጣት።

እህትህ ላምዱዋን
ኮራት፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2552 በቡድሃ ዘመን