ሦስት ጓጉንቸር

አንተ የአዳራሻችን ሊቀመንበር፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? ያለሁት ጉም የማይለያት ከተማ ውስጥ ነው፤ ማለዳ ስወጣ በሕልሜ የምሄድ ይመስለኛል። ዛሬ እዚያ ጉም ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት አዳራሽ አየሁ። ቤቱን የሰጠው ማዘጋጃ ቤቱ፣ ማሽኖቹን አንድ ፋብሪካ ነው፤ የሚሰፉት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። በሩ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ ቁልፎቹ አንድ አንድ ሆነው በሦስቱም ወገን ኪስ ናቸው። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ስላረፈደ ሁሉም ደጅ ቆመው እየተሳሳቁ ጠበቁት።

አንዷን አሮጊት ሰፊ፣ "አያስቸግርም ወይ?" አልኳቸው።

"መጀመሪያ ስላልተማመንን ነበር ሦስት ያደረግነው" አሉኝ። "አሁን አንዱ ከቀረ፣ ምን ሆኖ ነው ብለን ቤቱ ድረስ እንሄዳለን። ታዲያ እንዴት አንድ እናድርገው?"

ሰውየው እያለከለከ ደረሰና በሩ ተከፈተ። ማሽኖቹ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ሲንሾካሾኩ፣ ጉሙም ገብቶ አብሮ የሚሰፋ መሰለኝ። በእኛ አዳራሽ ያሉት የስፌት ማሽኖች ከነካርቶናቸው አቧራ ለብሰው መተኛታቸው ትዝ አለኝ።

ፖስት ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፣ ልጆቹን እቀፍልኝ። የእኛ በር ጓጉንቸሩ አንድ ነው፤ ቁልፉም አንተው ኪስ ውስጥ ነው። እንዳትቀየመኝ፣ ሁለት ጓጉንቸር ገዝቼልሃለሁ።