የቢፍቱ ፊት

ሰኞ

ዓይኖቿ አልወጡልኝም። ስሥልና ስሰርዝ ዋልኩ። ከመቱ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የሴቶች ማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው የምሥለው፤ ስለ ጠለፋ። ጓደኛዬ ጫልቱ አጭር ፊልም ልታደርገው ከሥር ከሥሬ ትቀርጻለች። ልጅቷ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ግንዱ ለሁለት የተሰነጠቀ ዛፍ ሥር ቆማለች። መልኳንም ዛፉንም ከራሴ ነው ያመጣሁት። ጭጋጉ ቀኑን ሙሉ አልገፈፈም።

ማክሰኞ

ዓይኖቿ ወጡ! ደስታዬን ሳላጣጥመው ማዶ ያሉት ባለሱቅ ጋሼ ከድር መንገዱን ተሻግረው መጡ።

«ቢፍቱን የት ታውቂያታለሽ?»

«ቢፍቱ ማናት?»

የእትዬ አስካለ ልጅ ናት አሉኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ጠላፊዋ «ጥላኝ ዓረብ አገር ሄደች» አለ፤ ሽማግሌ ገባ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ ያኔ ጅማ ነበርኩ፤ ልጅቷን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ይህን ብነግራቸው ጋሼ ከድር አላመኑኝም።

ረቡዕ

አፏ ላይ ጭቃ ተለጥፏል። አፏ ላይ ብቻ። ጫልቱ «እንተወው ይሆን?» አለች፤ እሷ ስትፈራ አይቼ አላውቅም። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ከንፈሯ እኔ ከሣልኩት በላይ የተከፈተ መሰለኝ። ቀለሙ ለቆ ይሆናል። ይሆናል።

ሐሙስ

እትዬ አስካለ መጡ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሱም። መዳፋቸውን ጉንጯ ላይ አሳርፈው «ኢንተላ ኮ» አሉ፣ ልጄ። ያልደረቀው ቀለም እጃቸው ላይ ቀረ፤ አልጠረጉትም። ጫልቱ ካሜራዋን ልታጠፋ ስትል፣ «ተዪው፣ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አሉ። የጠላፊውን ስም ከነአባቱ ጠሩት። ገበያው አጠገብ ወፍጮ ቤት አለው። ሽሮዬን የማስፈጨው እዚያ ነው።

ዓርብ

ባለወፍጮው ራሱ መጣ። ሊሰድበን መስሎኝ ብሩሼን ጨብጬ ቆምኩ። እኛን ዞር ብሎም አላየን። ልጅቷንም አላየም። የሚያየው ዛፉን ነበር።

«ይህን ዛፍ ማን አሳየሽ?» ድምፁ የበሽተኛ ድምፅ ነው።

«ማንም።»

«ያዮ ጫካ ድረስ ማን ወሰደሽ? ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም እኮ!»

ያለውን ራሱ ሲሰማው አፉን በእጁ ያዘ። ጫልቱ እየቀረጸች ነበር። በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን።

ቅዳሜ

ጠዋት ፖሊሶቹ ሰውየውን ይዘው፣ ዛፉ ሥር ሊቆፍሩ ወደ ያዮ ወረዱ። እትዬ አስካለ አብሬ ካልሄድኩ አላሉም፤ ወደ ግድግዳው መጡ።

«ፀጉሯን አበላሽተሽዋል። እኔ ሹሩባ ሳልሠራት ከቤት ወጥታ አታውቅም።»

ሊያሳዩኝ ጫልቱን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ይጎነጉኑላት ጀመር። እኔ እያየሁ ሣልኩ። መሀል ላይ ስልካቸው ጠራ። ከያዮ ፖሊሶቹ መሆን አለባቸው።

«ይጥራ» አሉ፣ ጣታቸው ሳይቆም። «መጀመሪያ ልጄን አሰናድተን እንጨርስ።»